ሊቲየም ለዓመታት ስትወስዱ ኩላሊትና ታይሮይድን እንዴት መከታተል ይቻላል

እህቴ ሊቲየም ከጀመረች 9 ዓመት ሆናት። ባይፖላር አለባት፤ ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚነሳበት፣ አንዴ በድብርት የሚወርድበት ሕመም ነው። መድኃኒቱ ከሥራዋም ከትዳሯም ጋር አቆይቷታል፤ ይህን ሳልናገር ጉዳቱን ብቻ ባወራ ልክ አይሆንም። ሊቲየም ግን ብዙ ዓመት ሲወሰድ ኩላሊትንና ታይሮይድን (አንገት ላይ ያለውን ዕጢ) ሊነካ ይችላል፣ አንዳንዴም የደም ካልሲየም ከፍ ያደርጋል። ይህ ሁሉ ሲጀምር ስለማያም የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። የሚዋጠውን መጠን የሚወስነው ሐኪሟ ነው፤ እኛ ቤት የምናደርገውን ግን በየተራው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ደብተር ግዙ። ዛሬ አንዱ ሆስፒታል፣ ነገ ሌላ ክሊኒክ ስትሄዱ ካርዱ አብሯችሁ አይሄድም። ቀኑን፣ በደም ውስጥ የተገኘውን የሊቲየም መጠን፣ ክሬቲኒን (የኩላሊት ምርመራ)፣ ቲኤስኤች (የታይሮይድ ምርመራ)፣ ካልሲየምና ክብደት ጻፉ። ክሬቲኒን ለብቻው ሲታይ «ኖርማል ነው» ሊባል ይችላል። ከዓመት ዓመት እየወጣ መሆኑ የሚታየው ቁጥሮቹ ጎን ለጎን ሲጻፉ ነው።

ቀጥሎ የደም ምርመራው ሰዓት። ደም የሚሰጠው የመጨረሻው ኪኒን ከተዋጠ 12 ሰዓት ሲሞላው ነው። ማታ 2 ሰዓት ከዋጣችሁ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ማለት ነው። የጠዋት ኪኒን ካላችሁ ደም ከሰጣችሁ በኋላ ዋጡት። እህቴ አንዴ ቀድማ ውጣ ሄዳ ውጤቱ ያለ ምክንያት ከፍ ብሎ ወጣ። የምንኖረው አራት ኪሎ ነው፤ የጠዋት ታክሲ ሰልፍ ስላለ አሁን 1 ሰዓት ሳይሞላ እንወጣለን። የሊቲየም መጠን ሁሉም ላብራቶሪ ስለማይሠራ ቀድማችሁ ደውሉ።

ለብዙ ሰው በደም ውስጥ የሚፈለገው የሊቲየም መጠን ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር ነው። ከ1.5 ካለፈ መመረዝ ያሰጋል። በመጀመሪያው ዓመት በየ3 ወሩ፣ ሁሉም ከተረጋጋ በየ6 ወሩ ይለካል። ኩላሊት፣ ታይሮይድና ካልሲየምም በየ6 ወሩ ይታያሉ። እኛ መስከረምና መጋቢት ላይ አድርገነዋል፣ እንዳይረሳ።

መጋቢት ደግሞ ሁዳዴ ውስጥ ይውላል። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ። ሊቲየም ራሱ የጨው ዓይነት ነው። ሰውነት ውሃና ጨው ሲያጥረው ኩላሊት ጨውን ለማስቀረት ሲል ሊቲየሙንም አብሮ ያስቀራል። ስለዚህ እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይጠጡ መዋል፣ ተቅማጥ፣ ማስመለስ፣ ኮሶ መጠጣት፣ ጠበል ብዙ ጠጥቶ ማስታወክ፣ ሁሉም መጠኑን ከፍ ያደርጋሉ። ጠበል አትሂዱ እያልኩ አይደለም፣ እህቴም ትሄዳለች። የንስሐ አባታችን ጉዳዩን ስናስረዳቸው በጾም ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንድትጠጣ ፈቀዱላት። ረመዳን የምትጾሙም ጾሙ ሳይገባ ሐኪማችሁን አነጋግሩ። ጨውና ቡናንም ባንድ ጊዜ አትቁረጡ። ቡና ሊቲየምን በሽንት ያስወጣል፤ በድንገት ሲቀር መጠኑ ሊጨምር ይችላል።

መድኃኒት ቤት ስትገቡ መጀመሪያ «ሊቲየም እወስዳለሁ» በሉ። አድቪልና ሌላ ስም ያለው ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፊናክ፣ መርፌውም ጭምር፣ ሊቲየሙን ያስጨምራሉ። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይሻላል። ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባሉት የደም ግፊት መድኃኒቶችም ሊቲየሙን ያስጨምራሉ። ግፊት የሚያክመው ሐኪም የአእምሮ ሐኪማችሁ ላይሆን ይችላል፤ ደብተሩን አሳዩት።

ምልክቶቹን ቤተሰብም ይወቅ። ሲኒ ሲያነሱ እጅ ትንሽ መንቀጥቀጡ የተለመደ ነው። መንቀጥቀጡ ከበረታ፣ አካሄድ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ምላስ ከተሳሰረ፣ ማስመለስና ተቅማጥ ከመጣ፣ ቀጣዩን ኪኒን ሳትወስዱ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሌሎቹ ቀስ ብለው ይመጣሉ። ውሃ መጠማትና ሌሊት ለሽንት መመላለስ የኩላሊት ሊሆን ይችላል። ብርድ መፍራት፣ ድካም፣ የሆድ ድርቀትና ውፍረት ታይሮይድ ሊሆን ይችላል። የኛ ቤት ስህተት እዚህ ነበር። ድብርቱ ተመለሰ ብለን 4 ወር ስንጨነቅ የታይሮይድ ማነስ ነበር። በቀን አንዴ በሚዋጥ ሌቮታይሮክሲን ይታከማል፤ ሊቲየሙን ማቆም የግድ አይደለም።

እርግዝና ያሰባችሁ ሴቶች አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። ቫልፕሮኤት የሚባለውን ሌላ የባይፖላር መድኃኒት ለምትወስዱ ይህ የበለጠ ይመለከታችኋል፣ ጽንሱን ክፉኛ ይጎዳልና።

በራሳችሁ አታቁሙ። ማቆም ካለበት ሐኪሙ በሳምንታት፣ ቢቻል በወራት ይቀንሰዋል። በድንገት ሲቆም ሕመሙ ቶሎ ያገረሻል። ገበያ ላይ ስለጠፋ መቋረጥም ያው ነው። ስለዚህ የ2 ሳምንት ኪኒን ሲቀራት ፍለጋ እንጀምራለን፤ ከአማኑኤል ሆስፒታል እስከ ከነማ መድኃኒት ቤቶችና ቸርችል ጎዳና ድረስ እንዞራለን። የሌላ ፋብሪካ ሊቲየም ከተሰጣችሁ ሚሊግራሙን ከድሮው ጋር አስተያዩ፣ ለሐኪሙ ንገሩ፣ ከሳምንት በኋላ ደም ስጡና ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ጻፉ።