አያቶቻችሁ በጅቡቲ መስመር ሠርተው ወይም ነግደው ከሆነ፣ ታሪካቸውን እንዲህ ሰብስቡ

ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ1909። ስለዚህ በአንዳንድ ቤት ምድር ባቡርና የጅቡቲ ንግድ የአራት ትውልድ እንጀራ ነው። የሚያስታውሱት ሰዎች ግን እያለፉብን ነው፣ ለበዓል ስንገናኝ እጠይቃለሁ እያላችሁ አታቆዩት።

«መቼ ሄዱ?» ብላችሁ አትጀምሩ፣ ዓመት ይምታታል። በጣቢያ አስኬዷቸው። ሽኒሌ፣ አይሻ፣ ደወሌ፣ አሊ ሳቢህ እያላችሁ ስትጠሩላቸው ማን እንደተሳፈረ፣ ምን እንደተሸጠ፣ ፈታሽ የት እንደገባ ራሱ ይመጣል። አስፈቅዳችሁ በስልካችሁ ቅዱት። ዓመቱን በኋላ ታስጠጉታላችሁ፦ ጣሊያን ሳይወጣ ነው? በሶማሊያ ጦርነት ባቡሩ ሲቋረጥ የት ነበሩ?

ሣጥን ውስጥ ወረቀት ከተገኘ ማህተሙን እዩ። ጅቡቲ እስከ 1967 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ፣ ከዚያ እስከ 1977 የአፋሮችና የኢሳዎች የፈረንሳይ ግዛት ትባል ስለነበር፣ ቀኑ ቢጠፋም ስሙ ብቻ ዘመኑን ይነግራችኋል። የፈረንሳይኛው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከአያታችሁ ትረካ ጋር ሰባት ስምንት ዓመት ቢራራቅ ተሳስተዋል አትበሉ።

አደራ የምላችሁ ግን ሴቶቹን ነው። የምድር ባቡር መታወቂያውም የደመወዝ ወረቀቱም በአብዛኛው የወንዶቹ ነው። አትክልትና ጫት ይዘው ሄደው፣ ጨርቅና ሽቶ ይዘው ተመልሰው፣ አንዳንዴም ኮንትሮባንድ ተብሎ ሁሉም ተወርሶባቸው እንደገና ከዱቤ የጀመሩት እናቶች ፋይል የላቸውም፣ ስንቱን ልጅ ያስተማረው ግን የእነሱ ጉዞ ነው። ስለዚህ ሴት አያታችሁን አጎቶች በሌሉበት፣ ቡና እያፈላችሁ ለብቻቸው ጠይቁ። መነሻውን ማን አበደራቸው? እቁብ ነበራቸው? ጅቡቲ ማን ቤት ያድሩ ነበር? ስንት ቀሚስ ደራርበው ለብሰው ነው ፍተሻ ያለፉት? ይሄኛው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ያስቃቸዋል፣ ከሳቁ በኋላ ደግሞ ወሬው አያልቅም። አንዳንዱን ግን አይናገሩም፣ አታስጨንቋቸው።

የድሮ ፎቶ ፕላስቲክ አታስለብጡ፣ ይበላሻል። ጀርባውንም ፎቶ አንሱት፣ የስቱዲዮ ማህተም ሊኖረው ይችላል። መታወቂያቸውን ፌስቡክ ላይ አትልቀቁ። ቅጂውን ቢያንስ ለሁለት ዘመድ ላኩ፣ አንዱ ውጭ አገር ያለ ቢሆን ጥሩ ነው።