ቴክኒካል ጸሐፊ ለመሆን ልምድ ስትፈልጉ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

የሶፍትዌር መመሪያ፣ የማሽን ማኑዋል፣ የኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መንገድ) ማብራሪያ። እነዚህን የሚጽፍ ሰው ቴክኒካል ጸሐፊ ይባላል። ወደ ሙያው መግባት የሚፈልጉ ሰዎች ናሙናቸውን እንድመለከትላቸው ይልኩልኛል። ብዙዎቹ የመጻፍ ችግር የለባቸውም። ልምዱን የሚፈልጉት ግን በሌለበት ቦታ ነው።

«ኢንተርንሺፕ» የሚለውን ስም ብቻ መፈለግ

በዚህ ስም የሚወጣ ማስታወቂያ ጥቂት ነው። መመሪያ የሚጽፈው ክፍል አንዳንዴ የአንድ ሰው ክፍል ነው፤ ተለማማጅ የሚያሠለጥንበት ጊዜ የለውም። ሥራው ግን በሌላ ስም ሞልቷል፦ የደንበኞች ድጋፍ፣ የሶፍትዌር ፍተሻ፣ ሥልጠና። በቀን አሥር ጊዜ ለሚጠየቅ ጥያቄ አንድ ገጽ መልስ ያዘጋጀ የድጋፍ ሠራተኛ ቴክኒካል ጽሑፍ ጽፏል።

ሥራውን የማያሳይ ናሙና መላክ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ይልካል፤ ግጥም የላከም አለ። ቀጣሪው ማየት የሚፈልገው ግን አንባቢው ጽሑፉን ይዞ ሥራውን መጨረስ መቻሉን ነው። አንዴ የደረሰኝ ናሙና እንዲህ ይላል፦

«አስፈላጊው ማስተካከያ ከተደረገ በኋላ ሲስተሙ በድጋሚ እንዲነሳ መደረግ ይኖርበታል።»

ማን ነው የሚያስተካክለው? ምኑን? የት ገብቶ? ጸሐፊው ከሳምንት በኋላ ይህን ይዞ መጣ፦

«1. ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ኔትዎርክ የሚለውን ይክፈቱ።
2. የሰርቨሩን አድራሻ አስገብተው ሴቭ የሚለውን ይጫኑ።
3. ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩ። ሲነሳ አረንጓዴ ምልክት ካላዩ ወደ ተራ ቁጥር 2 ይመለሱ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ወደድኳት። ነገሩ እምቢ ሲል አንባቢው ምን እንደሚያደርግ ታስባለች። ሁለቱንም ጽሑፎች ጎን ለጎን አድርጎ ፖርትፎሊዮው (ለቀጣሪ የሚያሳየው የሥራ ስብስብ) ውስጥ እንዲያስገባ መከርኩት።

ኦፕን ሶርስ ላይ በትልቁ መጀመር

ይቺ የራሴ ጥፋት ናት። የአንድ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም ማሻሻያ ሊልክለት የሚችል ሶፍትዌር) መመሪያ አላማረኝም። ማንንም ሳልጠይቅ አሥራ አራት ገጽ እንዳለ ቀይሬ ላክሁ። መልስ የለም። ለነገሩ ማን ቁጭ ብሎ ያንን ሁሉ ያነባል? በኋላ እዚያው ፕሮጀክት ላይ ፕሮግራሙን ስጭን አንድ እርምጃ መዘለሉን አየሁ። አንዲት መስመር ጨምሬ፣ የቱ ጋ እንደተቸገርኩ ጽፌ ላክሁ። በሁለተኛው ቀን ተቀበሉኝ። ጀማሪ መሆን እዚህ ይጠቅማል፤ የቆዩት ሰዎች ከልምድ የተነሳ የሚዘሉትን እርምጃ የሚያየው አዲስ ሰው ነው።

ሰርተፍኬት ማከማቸት

ማርክዳውንን፣ ማለትም ጽሑፍን በቀላል ምልክቶች ማዋቀሪያ ዘዴውን፣ በአንድ ከሰዓት ትለምዱታላችሁ። ጊት (በፋይሎች ላይ የተደረገ ለውጥ መከታተያ መሣሪያ) ትንሽ ያስቸግራል፣ ግን መሠረታዊው ይበቃል። ጎግል በነጻ የሚሰጠው የቴክኒካል ጽሑፍ ኮርስ አለ፤ ውሰዱት። ከዚያ ወዲያ ጻፉ።

ያረጀ ምክር መከተል

«የቴክኒካል ኮሙኒኬሽን ማኅበር አባል ሁኑ» የሚል ምክር አሁንም በየቦታው አለ። በ1953 የተመሠረተው ይህ የአሜሪካ ማኅበር በ2025 መጀመሪያ ላይ ተዘግቷል። አሁን የሙያውን ሰዎች የምታገኙት እንደ ራይት ዘ ዶክስ (Write the Docs) ባሉ ስብስቦች ውስጥ ነው። ስላክ በሚባለው የመልእክት መለዋወጫ ላይ ለሥራ ማስታወቂያ ብቻ የተለየ ክፍል አላቸው።

የጻፉትን ይዞ መውጣት አለመቻል

ተሳክቶላችሁ ገባችሁ እንበል። የምትጽፉት ግማሹ የድርጅቱ ሚስጥር ሊሆን ይችላል። ሳይፈቀድላችሁ ፖርትፎሊዮ ላይ ከለጠፋችሁ ቀጣዩ ቀጣሪ የሚያየው ጽሑፋችሁን አይደለም፤ ሚስጥር እንደማትጠብቁ ነው። የትኛውን ገጽ ማሳየት እንደምትችሉ እዚያው ሥራው ላይ ሳላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። ከወጣችሁ በኋላ ኢሜይላችሁን የሚመልስ ሰው ማግኘት ከባድ ነው።