የፆም ፓስታ ሾርባ ለሕመምተኛ፦ ምን ይበላሻል፣ ለምን፣ እንዴት ይስተካከላል

ጉንፋን ለያዘው ወይም እህል አልወርድ ላለው ሰው የሚሠራ የአትክልት ሾርባ ፓስታ ሲገባበት፣ በአንድ ድስት ሁለት ሥራ ይሆናል። መረቁ ቀስ እያለ ይበስላል፤ ፓስታው ግን ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይታገሥም። ከታች ካሉት ችግሮች አብዛኞቹ ሁለቱን እኩል ከመጨመር ይመጣሉ። ጥቂቶቹ ደግሞ ደጋ ላይ እያበሰሉ የቆላ ሰዓት ከመቁጠር ናቸው።

መነሻው ለአራት ሰው ይህ ነው፦ 1 ተኩል ሊትር ውሃ፣ ግማሽ ስኒ የምስር ክክ፣ 1 ቀይ ሽንኩርት፣ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 2 ካሮት፣ 2 መካከለኛ ድንች፣ 1 ቲማቲም፣ የአውራ ጣት ግማሽ የሚያህል ዝንጅብል፣ አንድ ቁንጥር እርድ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 120 ግራም ፓስታ (የ500 ግራሙ ፓኬት ሩብ ገደማ)፣ ግማሽ ሎሚ። ሽንኩርቱ ውሃ ጠብ እየተደረገበት ይቁላላ፤ ዘይቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱና እርዱ ለ1 ደቂቃ ይከተሉ። ከዚያ ውሃውና ምስሩ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድንቹና ካሮቱ፣ እነሱ ሲለሰልሱ ቲማቲሙና ጨው ይግቡ። ዝንጅብሉ ሊወርድ 5 ደቂቃ ሲቀረው፣ ሎሚው ደግሞ ከወረደ በኋላ ነው።

ፓስታው መረቁን ጠጥቶ እንደ ገንፎ ቆሟል

ፓስታ ከእሳት ከወረደም በኋላ መጠጣቱን አያቆምም። ማታ የተሠራው ጠዋት ሲከፈት የነበረውን መረቅ አያሳይም፤ ፓስታው አብጦ፣ ሲነኩት ይፈርሳል። አሁን ለማዳን በአንድ ሳህን ግማሽ ስኒ የፈላ ውሃ ጨምረው በቀስታ ያሙቁት፣ በማማሰያ አይምቱት፣ ጨውና ሎሚ ደግመው ይቅመሱ። የላላውን ፓስታ ግን የሚመልሰው ነገር የለም፤ ለሕፃን ወይም ጥርስ ለሌለው አዛውንት ካልሆነ በቀር ለመልክም ለጣዕምም አይሆንም።

ለሚቀጥለው ጊዜ ፓስታውን 3 ሳንቲ ሜትር ያህል አድርገው ይሰባብሩና በሌላ ድስት፣ ጨው ባለው በደንብ በፈላ ውሃ ይቀቅሉት። ውሃው ሳይፈላ ከገባ ፓስታው ይጣበቃል፣ ውጪው ይሟሟል። አጥልለው ሁለት ሦስት ጠብታ ዘይት ያስነኩት። ሲቀርብ ፓስታውን ሳህን ላይ አድርገው መረቁን ያፍሱበት። ለሁለት ቀን የሚበቃ መረቅ ሠርተው ፓስታውን በየምግቡ መቀቀል ከሁሉም የተሻለው መንገድ ነው፤ አንድ ድስት ብቻ ካለዎትም በዚያ ሰዓት የሚበላውን ያህል መረቅ ቀንሰው በእሱ ላይ ብቻ ይጨምሩ።

እንዶሚም እንዲሁ ነው። አስቀድሞ የበሰለ ስለሆነ ፈጥኖ ይላላል፤ አብሮት ያለው ቅመም ጨዋማ ስለሆነ ለሕመምተኛ ከግማሽ በላይ አይጨመርም።

በፓኬቱ ደቂቃ ልክ ተቀቅሎ ልቡ ጥሬ ነው

ጥፋቱ የፓስታው አይደለም። ውሃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 1,800 ሜትር አካባቢ ባለችው ባሕር ዳር ግን በ94 ዲግሪ ገደማ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ። ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጡ ከዚያም ይቀንሳል። እየተንተከተከ ያለው ውሃ የሚመስለውን ያህል አይሞቅም ማለት ነው። ስለዚህ ፓኬቱ 8 ደቂቃ ካለ ባሕር ዳር ላይ 10፣ ማርቆስና እንጅባራ ላይ 11 ወይም 12 ይጠብቁና አንዷን ነክሰው ይዩ። መሐሏ ላይ ነጭ ነጥብ ካለ ገና ነው።

ከሰሉን ማራገብ ወይም ምድጃውን መጨረሻ ድረስ መክፈት አይረዳም፤ የፈላ ውሃ ከዚያ በላይ አይሞቅም፣ ቶሎ ይተናል እንጂ። ለምስሩና ለድንቹ የሚረዳው ክዳን ነው፤ ፕሬሸር ኩከር ካለማ ሥራው በግማሽ ይቀላል። ክክ ሲቀቀልበት ግን ከግማሽ በላይ አይሞላ፤ አረፋው ማስተንፈሻውን ይደፍናል። ፓስታ በፕሬሸር አይቀቀልም።

ድንቹ ወይም ክኩ አልበስል አለ

ብዙ ጊዜ ቲማቲሙ ወይም ሎሚው ቀድሞ ገብቷል። ኮምጣጣ ነገር ድንችም ጥራጥሬም እንዳይለሰልስ ይይዛል፣ ከዚያ በኋላ በከንቱ የሚያልቀው ማገዶ ነው። ሌላው ምክንያት የከረመ ክክ ነው። የአተር ክክ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 2 ሰዓት ይነከር፣ ድንቹ ከመግባቱ በፊትም ለብቻው ይለስልስ። ውሃ ካነሰ የሚጨመረው የፈላ ነው። ውሃው ማዕድን ከሚበዛበት ጉድጓድ ከተቀዳ፣ በጣት ጫፍ የተያዘ ቤኪንግ ሶዳ ይረዳል፤ ከዚያ ካለፈ ሳሙና ሳሙና ይላል።

ውሃ ውሃ ይላል

ሽንኩርቱ ሳይበስል ውሃ ተደፍቶበታል። መረቁን ሳያወርዱ በመጥበሻ ሌላ ሽንኩርት ከ1 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ጋር መልኩ እስኪጠቁር ያቁላሉና ይቀላቅሉ። ለማወፈር ሁለት ቁራጭ ድንች በጭልፋ ከድስቱ ጎን ላይ ይጨፍልቁ፤ ወይም 1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ የሌለው ነጭ ሽሮ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ይጨምሩ። ፈላው ላይ ደረቁን ከነሰነሱት ይጓጉላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አፍንጫው የተዘጋ ሰው «ምንም አይልም» ሲል ምላሱን አይመኑ፣ ሽታው ስለማይደርሰው ነው። በእሱ ቃል ጨው መጨመር ጤነኛ ሊቀምሰው የማይችል ሾርባ ያመጣል። ሎሚና ዝንጅብል ይጨምሩለት። ዝንጅብል ብዙ ሲፈላ ኃይሉ ስለሚለዝብ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው።

ጨው በዝቷል

ጥሬ ድንች ጨው ይመጥጣል የሚባለው አይሠራም፤ ድንቹ ጨዋማውን ውሃ ይጠጣል እንጂ ጨውን ለይቶ አያወጣም። ውሃና ጨው የሌለበት የተቀቀለ ድንች ወይም ፓስታ መጨመር ብቻ ነው መድኃኒቱ።

ይመርራል

ነጭ ሽንኩርቱ አሯል፣ ወይም እርዱ በዝቷል፣ ወይም ጤና አዳሙ ድስቱ ውስጥ ተረስቷል። ጤና አዳም አንድ ቅንጥብ ገብቶ በ2 ደቂቃ ይወጣል፤ ለነፍሰ ጡር አይጨመርም። ያረረ ነጭ ሽንኩርት ከሆነ አይታረምም፣ ከሽንኩርቱ ደግመው ይጀምሩ።

ጉሮሮ ይቆነጥጣል

የቡሬም የፍኖተ ሰላምም በርበሬ ለጤነኛው ይቆይ። ቃሪያ ሳይቆረጥ ሙሉውን ጥለው ሲበስል ያውጡት፣ መዓዛውን ሰጥቶ ይወጣል። የሚያቃጥል ነገር አፍንጫ ይከፍታል፣ ለቆሰለ ጉሮሮና ለባዶ ሆድ ግን ይከብዳል።

ፆም ነው፣ ግን እርግጠኛ አይደሉም

የሾርባ ኩብ የዶሮ ወይም የበሬ ጣዕም ከሆነ ከእንስሳ የወጣ ነገር ሊኖርበት ይችላል፤ አንዳንድ ፓስታም እንቁላል አለበት። የፓኬቱን ጀርባ ያንብቡ። ኩብ ከገባ ጨውን በግማሽ ይቀንሱ።

ለሕሙማን መጠየቂያ ሐኪም ቤት ሲደርስ ተበላሽቷል

ፔርሙስ ውስጥ ፓስታ አይገባም፤ መንገድ ላይ መረቁን ይጨርሰዋል። በፈላ ውሃ ባሞቁት ፔርሙስ የፈላ መረቅ፣ ፓስታው ደግሞ በምሳ ዕቃ ይሂድ። ቤት የቀረው ከ2 ሰዓት በላይ ውጪ አይቆይ፣ በተለይ ባሕር ዳር ሙቀት ላይ፤ በሰፊ ዕቃ አቀዝቅዘው ፍሪጅ ያስገቡት። ሲሞቅ እስኪፈላ ነው እንጂ ለብ ማለቱ አይበቃም። ሕመሙ ተቅማጥና ትውከት ከሆነ ሾርባው ኦአርኤስን (በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) አይተካም፤ የኦአርኤሱ ፓኬት በሚለው መጠን በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ይሰጥ፣ ሾርባው ከዚያ ቀጥሎ በትንሽ በትንሹ ይቅረብ።