ቶሎ ለሚቆጣ ዓይን የሰጋቱራ መከላከያ፦ ችግርና መፍትሔ

ከዓመታት በኋላ መጋዝና መላጊያውን መልሶ ያነሣ ሰው እጁ ሙያውን አይረሳም፤ ዓይኑ ግን እንደ ቀድሞው አይታገሥም። ዕድሜ ሲገፋ እንባ ይቀንሳል። የዓይን ድርቀት ወይም አለርጂ ላለበት፣ ዕይታውን በሌዘር ላስተካከለም ሰው፣ ድሮ በእንባ ታጥቦ ይወጣ የነበረው ብናኝ ዛሬ ውሎ ያድራል። በዚህ ምክንያት ሥራውን መተው አያስፈልግም። ዓይንዎ መቼና እንዴት እንደሚቆጣ ልብ ይበሉ፤ መንሥኤው የሚታወቀው ከዚያ ነው።

መነጽር አድርጌም ይቆረቁረኛል

ተራው የመከላከያ መነጽር የተሠራው ከፊት ለሚፈናጠር ስንጥር ነው። ከመጋዝ የሚወጣው ሻካራ ሰጋቱራ ከባድ ስለሆነ ቶሎ ይወድቃል፤ ከማለስለሻ ማሽን የሚነሣው ብናኝ ግን ከአየሩ ጋር እየተንሳፈፈ በጉንጭና በመነጽሩ መካከል ባለው ክፍተት ይገባል። መፍትሔው ዙሪያውን ፊት ላይ የሚገጥም፣ የአየር ቀዳዳዎቹ የተከለሉ ጎግል ነው። ሲገዙ ምልክቱን ያንብቡ። በአውሮፓው ኢኤን 166 የዓይን መከላከያ ደረጃ መሠረት፣ ጎግሉ ላይ የተጻፈ 4 ቁጥር ሻካራ አቧራን፣ 5 ቁጥር ደቃቅ አቧራንና ጋዝን እንደሚከላከል ያመለክታል፤ በአሜሪካው ዜድ87.1 ደረጃ ደግሞ ለአቧራ ዲ4፣ ለደቃቅ አቧራ ዲ5 ይጻፍበታል። የዕይታ መነጽር ካለዎት በላዩ የሚደረብ ሰፊ ጎግል ይምረጡ፤ ወደ ጆሮ የሚሄደው ዘንግ የጎግሉን ጠርዝ እንዳያነሣው ያረጋግጡ።

ጥቂት ካለሰለሱ በኋላ የጎግሉን የውስጥ ጠርዝ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ይጥረጉ። ጨርቁ ላይ የእንጨት ብናኝ ከታየ የሚሾልከው ባበሱበት ቦታ በኩል ነው። በመጀመሪያ የአፍንጫውን አጥንት ግራና ቀኝ ይመልከቱ።

ስሠራ ደህና ነኝ፤ ማታ ግን ያቃጥለኛል

ማሽኑ ሲጠፋ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ለዓይን ግን አላለቀም። ደቃቁ ብናኝ በማይታይበት ሁኔታ ለሰዓታት አየር ላይ ይቆያል። ጎግል አውልቆ በመጥረጊያ መጥረግ ወይም በኮምፕረሰር አየር ማራገፍ የተኛውን ሁሉ መልሶ ያስነሣል። ቀሪው በፀጉር፣ በቅንድብና በሸሚዝ ኮሌታ ተሸክመውት ወደ ቤት ይገባል፣ ከዚያም ትራስ ላይ ይራገፋል።

ስለዚህ ጎግል ከሁሉ መጨረሻ ይውለቅ። ወለሉን ሄፓ ማጣሪያ (ደቃቅ ብናኝን የሚያስቀር ማጣሪያ) ባለው የአቧራ መምጠጫ፣ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ያጽዱ። ከክፍሉ ከወጡ በኋላ ኮፍያና የሥራ ልብስዎን አውልቀው እጅዎን ይታጠቡ፤ ቀጥሎ አንገትዎን ወደ ፊት ደፍተው፣ ዓይንዎን ጨፍነው ጎግሉን ከኋላ በማሰሪያው ያንሡት። ፀጉርዎን ሳይታጠቡ አይተኙ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ብናኙን ከምንጩ መያዝ ነው። ማለስለሻ ማሽኑን ከመምጠጫው ቱቦ ጋር ያገናኙ። እኔ ብጠየቅ ከውድ መጋዝ በፊት ጥሩ መምጠጫ ይገዛ እላለሁ። ማራገቢያ ካለ ንፋሱ ከጎን እንዲያልፍ ያድርጉ፤ ጀርባ ላይ ሲነፍስ ከሰውነት ፊት ለፊት አየሩ ይሽከረከርና ብናኙን ወደ ፊት ይመልሰዋል። በእጅ መሥራት ለሚወድ ደግሞ መልካም ዜና አለ፦ የተሳለ መላጊያ የሚያወጣው በአብዛኛው የተጠቀለለ ፍቅፋቂ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት የማለስለሱንም ሥራ በብዙ ይቀንሳል።

ጎግሉ በእንፋሎት ይደበዝዛል

ትንፋሽ በአፍንጫ መሸፈኛው (ማስኩ) የላይኛው ጠርዝ በኩል እያመለጠ ነው። የአፍንጫውን ሽቦ ጠበቅ አድርገው ይጫኑት፤ መተንፈሻ ቫልቭ ያለው መሸፈኛ የበለጠ ይረዳል። እንፋሎት የሚከላከል ቅብ ያለውን መስተዋት በውስጥ በኩል በደረቅ ጨርቅ አይፈትጉ፤ ቅቡ ይላጣል።

በአንዳንድ እንጨት ብቻ ያሳክከኛል፣ የዓይኔ ቆብም ያብጣል

መቆርቆር ሳይሆን ማሳከክ ከበዛ አለርጂን ይጠርጥሩ። ቲክ፣ ኢሮኮ፣ ሮዝዉድና ቀይ ሴዳር በዚህ የታወቁ ናቸው። ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ቃጫና ከሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ብናኙ እጅግ ደቃቅ ሲሆን በሙጫው ውስጥ ፎርማልዲሃይድ ሊኖርበት ይችላል። የሠሩበትን እንጨትና የተሰማዎትን በማስታወሻ ይያዙ፤ አንዱ እንጨት ደጋግሞ ከመጣ ይተዉት። አፍንጫና ሳንባንም የሚነካ ስለሆነ ጎግል ብቻውን አይበቃም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በ1995 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፤ የአፍንጫ መሸፈኛን ቸል አይበሉ።

ጉድፍ ገባብኝ

አይሹት፤ ብሌኑን የሸፈነውን ስስ አካል ይቧጥጠዋል። እጅዎን ታጥበው፣ ኮንታክት ሌንስ ካለ አውጥተው፣ በንጹሕ ውኃ ወይም ለዓይን በተዘጋጀ የጨው ውኃ ደጋግመው ያጥቡት። ካልወጣ የላይኛውን ቆብ በሽፋሽፍቱ ይዘው በታችኛው ላይ ሳብ ያድርጉ። ብናኝ ባለበት ሥራ ኮንታክት ሌንስ ባይደረግ ይሻላል፤ ጉድፍ ከሥሩ ይቀረቀራል። ዓይኑ ደረቅ ለሆነ ሰው ማቆያ ኬሚካል የሌለበት ሰው ሠራሽ እንባ ከሥራ በፊትና በኋላ ይረዳል። ቅላት ብቻ የሚያጠፋውን ጠብታ ግን አያዘውትሩ፤ ሲያቆሙት ቅላቱ ብሶ ሊመለስ ይችላል።

ከታጠበ በኋላም ሕመሙ ካልቀነሰ፣ ብርሃን ካስቸገረ ወይም ዕይታ ከደበዘዘ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። በፍጥነት ተፈናጥሮ የመጣ ብረት ወይም ስንጥር ከሆነ አይጠቡት፣ አይጫኑት፣ ለማውጣትም አይሞክሩ፤ ዓይኑን ሳይነካ በሚሸፍን የወረቀት ኩባያ ከልለው ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።