በሳልቫዶር ባሂያ ማረፊያ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአዲስ አበባ የተነሳ መንገደኛ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሳኦ ፓውሎ ይደርስና፣ ከዚያ በአገር ውስጥ በረራ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተጉዞ በብራዚል ባሂያ ግዛት የምትገኘው ሳልቫዶር ይገባል። ይህን ያህል መንገድ የሚጓዝ ሰው ስለ ቲኬቱ ሳምንታት ሲያወጣና ሲያወርድ ይቆይና፣ አልጋ ሲይዝ ግን ፎቶግራፍና ዋጋ ብቻ አይቶ በአንድ ምሽት ይጨርሳል። በሌላ ከተማ ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ሳልቫዶር ግን ጥንታዊ ክፍሏ እኩሉ በአፋፍ ላይ፣ እኩሉ በአፋፉ ግርጌ የተሠራ፣ በሁለት ወገን ባሕር ያለባት፣ በፈረንጆች ዓመት መጀመሪያ ወራትም ዋና ዋና ጎዳናዎቿን ለበዓል የምትዘጋ ከተማ ስለሆነች፣ ከማረፊያው ቤት ይልቅ የማረፊያው ሰፈር ያመዝናል። እኔ አልጋ ከመያዜ በፊት ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ሲመሽ የት እሆናለሁ፣ ከዚያስ በምን እመለሳለሁ? ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች በአመዛኙ ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ በመቅረቱ የሚመጡ ናቸው።

«መሐል ከተማ» የሚለውን ቃል ማመን

የአልጋ ማስያዣ ድረ ገጾች እያንዳንዱን ማረፊያ «ከመሐል ከተማ ይህን ያህል ርቀት ላይ» እያሉ ያቀርባሉ። በሳልቫዶር መሐል ከተማ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ፔሎሪንዮ የሚባለው ታሪካዊ ሰፈርና አካባቢው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1549 እስከ 1763 የብራዚል ዋና ከተማ የነበረችው ሳልቫዶር የተቆረቆረችው በዚህ አካባቢ ሲሆን፣ በ1985 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት ባለ ቀለም ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናትም እዚሁ ይገኛሉ። የሚዋኙበት ባሕር ግን እዚህ የለም። ለዋና የሚመቸው ባራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ርቆ፣ ከተማዋ የተቀመጠችበት ባሕረ ገብ መሬት ጫፍ ላይ ነው። ከባራ የውቅያኖሱን ዳርቻ ይዘው ሌላ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ የምሽት ጨዋታ የማይጠፋበትን ሪዮ ቬርሜልዮን ያገኛሉ፤ ኢታፑዋ የሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ደግሞ ከባራ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።

እንግዲህ ለባሕሩ ብሎ መጥቶ ፔሎሪንዮ ያረፈ ሰው በየቀኑ ፎጣውን ይዞ ታክሲ ሲጠብቅ ይውላል፤ ለታሪኩ ብሎ መጥቶ ኢታፑዋ ያረፈ ደግሞ ቀኑን በመኪና መጨናነቅ ውስጥ ያሳልፋል። ሁለቱም ማረፊያዎች በራሳቸው መልካም ሊሆኑ ይችላሉ። የጎደለው ነገር የመጡበትን ምክንያት ለይቶ፣ ከ«መሐል ከተማ» ሳይሆን ከዚያ ነገር ያለውን ርቀት መለካት ነው።

ካርታውን እንደ ሜዳ ማንበብ

ይህ ስህተት ከሁሉ ይልቅ ሰው ሲያታልል አይቻለሁ፤ እኔንም አታልሎኛል። ጥንታዊቷ ሳልቫዶር ላይኛው ከተማና ታችኛው ከተማ ተብላ ትከፈላለች። በሁለቱ መካከል ያለው ገደል ምን ያህል ከፍታ እንዳለው ለማወቅ፣ ከላይኛው አደባባይ ወደ ታችኛው የሚያወርደውን ላሴርዳ የተባለ የሕዝብ አሳንሰር መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1873 አገልግሎት የጀመረው ይህ አሳንሰር 72 ሜትር ቁመት አለው፤ ሰዎች እንደ አውቶቡስ ተሳፍረውበት ወደ ሥራ ይሄዳሉ፣ ወደ ቤት ይመለሳሉ። ካርታ ላይ ግን ላይኛውና ታችኛው ከተማ አንድ ጣት በማይሞላ ርቀት ተጠጋግተው ነው የሚታዩት።

መጀመሪያ የሄድሁ ጊዜ የያዝሁት ክፍል ታችኛው ከተማ ውስጥ ነበር። ማስታወቂያው «ከፔሎሪንዮ 400 ሜትር» ይል ነበር፤ አልዋሸም። በመጀመሪያው ቀን ምሽት ላይ ላይኛው ከተማ፣ ነጭ ቀሚስና ነጭ ሻሽ ካደረገች አካራዤ ሻጭ ፊት ቆሜ ነበር። ሴትዮዋ የተፈጨውን የባቄላ ሊጥ በትልቅ ማንኪያ እያድበለበለች በፈላው ቀይ የዘንባባ ዘይት ውስጥ ትጥላለች፤ ሲወጣ ለሁለት ሰንጥቃ ሽሪምፕና ቃሪያ ትጨምርበታለች። ወደ ማረፊያዬ የሚያወርደው ደረጃ የት እንደሆነ ስጠይቃት፣ ማንኪያዋን ድስቱ ጠርዝ ላይ አሳርፋ «በእግርህ አትውረድ፣ ልጄ» አለችኝና ራሷ ታክሲ ጠራችልኝ። ታክሲው ገደሉን ዞሮ ዞሮ 400 ሜትር ለተባለው መንገድ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። በማግሥቱ በቀን ብርሃን ደረጃውን ሳየው ምክሯ ገባኝ፤ ግራና ቀኙ በራቸው የተደፈነ ባዶ ቤቶች ናቸው፣ መሐሉ ላይ የቆመ ሰው ከላይም ከታችም አይታይም።

ስለዚህ ርቀትን በሜትር ብቻ አይጠይቁ። ማረፊያው ከአፋፉ በላይ ነው ወይስ በታች? መንገዱ የሚሄደው በደረጃ ነው ወይስ ሰው በሚበዛበት ጎዳና? አሳንሰሩን የሚጠቀሙ ከሆነስ ስንት ሰዓት ይዘጋል? ሻንጣ ይዘው ወይም ጉልበታቸው የደከመ እናት አባት አስከትለው የሚሄዱ ከሆነ እነዚህ ጥያቄዎች ከዋጋው መቅደም አለባቸው።

ሰፈሩን በቀን መልኩ ብቻ መመዘን

ፀሐይ በሳልቫዶር ዓመቱን በሙሉ ከ11 እስከ 12 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች፤ ጨለማውም እንደ እኛ አገር ፈጥኖ ይወድቃል። ኮሜርሲዮ የሚባለው የታችኛው ከተማ ክፍል ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች የሞሉበት ስለሆነ በሥራ ቀን ሰው ይተራመስበታል፤ ሲመሽና ቅዳሜና እሑድ ግን ጭር ይላል። በቲንያሬ ደሴት ላይ ወዳለችው የሞሮ ዲ ሳኦ ፓውሎ መንደር የሚሄዱ ጀልባዎች የሚነሱት ከዚህ ስለሆነ አንዳንድ ሰው ለጀልባው ልቅረብ ብሎ እዚህ አልጋ ይይዛል። ለአንድ ጠዋት ጀልባ ሲባል የሌሎቹን ቀናት ምሽት ሁሉ መክፈል አያስፈልግም፤ ከባራ በጠዋት ታክሲ ይበቃል።

ፔሎሪንዮ ደግሞ ስሙን ያገኘው ባሪያዎች ይገረፉበት ከነበረው ምሰሶ ነው። ዛሬ ያ ድንጋይ ንጣፍ የከበሮ መድረክ ሆኗል፤ በተለይ ማክሰኞ ማታ ሙዚቃው የታወቀ ነው። ከበሮውን ለመስማት የመጣ ሰው መስኮቱ ሥር ቢሰማው ደስ ይለዋል፤ ሕፃን ይዞ የመጣ ሰው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲቆጣ ያድራል። ዋናዎቹ አደባባዮች ሰውና ፖሊስ አይጠፋባቸውም፤ ከእነርሱ ሁለት መታጠፊያ ያህል ራቅ ሲሉ ግን ሁኔታው ይለወጣል። የታሪካዊው ክፍል ውበት ሳያመልጠኝ ጸጥ ያለ ሌሊት ላግኝ ለሚል ሰው የምመክረው ከፔሎሪንዮ በስተሰሜን ያለውን ሳንቶ አንቶንዮ አሌም ዱ ካርሙን ነው። አሮጌ ቤቶች ታድሰው አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ የሆኑበት ሰፈር ሲሆን፣ ከብዙዎቹ የኋላ ሰገነት ላይ የቶዶስ ኦስ ሳንቶስ ባሕረ ሰላጤ ከነመርከቦቹ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ዳገት እንደሆነ ግን አይርሱ።

«ባሕር ዳር» የተባለውን ሁሉ አንድ ዓይነት ማድረግ

ሳልቫዶር በምዕራብ ባሕረ ሰላጤ፣ በምሥራቅና በደቡብ ክፍት ውቅያኖስ አላት፤ ሁለቱ ውኃዎች አይመሳሰሉም። ፖርቶ ዳ ባራ የሚባለው አነስተኛ ዳርቻ ወደ ምዕራብ የዞረ ስለሆነ ማዕበሉ የረጋ ነው፤ ዋና ያልለመደ ሰው እንኳ ወገቡ ድረስ ገብቶ ሊቆም ይችላል። በውቅያኖስ ዳር ባለ ከተማ ፀሐይ በባሕር ላይ ስትጠልቅ የሚታይበት ዳርቻ በብራዚል ብዙ አይገኝም፤ እዚህ ግን ከኢታፓሪካ ደሴት ወዲያ ስትገባ ይታያል። አመሻሹ ላይ አይብ በእንጨት ሰክተው በእጅ በሚንጠለጠል የከሰል ቆርቆሮ ላይ የሚጠብሱ ልጆች በሰዎች መካከል እየተሹለከለኩ ያልፋሉ፣ የአይቡ ሽታ ከጨው ነፋሱ ጋር ይቀላቀላል። ቅዳሜና እሑድ አሸዋው በሰው ስለሚሞላ ቦታ ለማግኘት በጠዋት መውጣት ይሻላል።

ሪዮ ቬርሜልዮ በተቃራኒው ድንጋያማ ነው። እዚያ የሚያርፍ ሰው ለምግቡ፣ ለመጠጡና ለሙዚቃው ቢያርፍ ልክ ነው፤ «ባሕር ዳር ነው» ተብሎ ልጆቹን ለማስዋኘት ከያዘው ግን ተሳስቷል። ስቴላ ማሪስ ረጅም አሸዋና ኃይለኛ ማዕበል ያለው፣ በማዕበል ላይ ለሚንሸራተቱ ወጣቶች የሚስማማ ዳርቻ ነው።

ቀን መቁጠሪያ ሳያዩ ገንዘብ መላክ

የሳልቫዶር ካርኒቫል ከምዕራባውያን ፋሲካ 47 ቀን ቀድሞ በሚውለው ማክሰኞ ይጠናቀቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2027 ይህ ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 9 ቀን ይሆናል። የምዕራባውያን ፋሲካ ከእኛ ፋሲካ ጋር ሁልጊዜ ስለማይገጥም በራሳችን አቆጣጠር ገምቶ መሄድ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ1950 ዶዶና ኦስማር የተባሉ ሁለት ሙዚቀኞች አሮጌ ፎርድ መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነው ጎዳና ላይ ከወጡ ወዲህ፣ በዓሉ በግዙፍ የሙዚቃ መኪናዎች ዙሪያ የሚከበር ሆኗል። ከሦስቱ ዋና መስመሮች አንዱ በዶዶ ስም የሚጠራው ሲሆን ከባራ መብራት ማማ ተነስቶ የባሕሩን ጎዳና ይዞ ኦንዲና ድረስ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። በኦስማር ስም የሚጠራው በካምፖ ግራንዴ በኩል ያልፋል፤ ሦስተኛውና ለዘብ ያለው ፔሎሪንዮ ውስጥ ነው።

ይህ ለአልጋ ያዥ ምን ማለት ነው? በመስመሩ ላይ ያለ ሆቴል በበዓሉ ቀናት በመኪና አይደረስበትም፤ ሻንጣዎን በሕዝብ መካከል እየጎተቱ ነው የሚገቡት። ሙዚቃው እስከ ንጋት ይዘልቃል፤ ዋጋው ይንራል፣ ብዙዎቹ ማረፊያዎችም ከጥቂት ቀናት በታች አያከራዩም። ሰዎች የማይገምቱት ደግሞ ዝግጅቱ ከበዓሉ አስቀድሞ የሚጀምር መሆኑን ነው፤ በባራ የባሕር ጎዳና ላይ የተመልካች መድረኮች በብረትና በጣውላ ሲሠሩ የባሕር እይታ ብሎ የከፈለ ሰው ከመስኮቱ ፊት ግድግዳ ሊቆምበት ይችላል። ካርኒቫሉን ለማየት ከሄዱ መስመሩ ላይ ከማረፍ ይልቅ ቪቶሪያን፣ ማለትም በባራና በካምፖ ግራንዴ መካከል ያለውን ዛፋማ ጎዳና እመርጥልዎታለሁ።

ካርኒቫል ብቻም አይደለም። በጃንዋሪ አጋማሽ በሚውል ሐሙስ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ከኮሜርሲዮ እስከ ቦንፊም ቤተ ክርስቲያን በእግሩ ይሄዳል፤ ሴቶች የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ሽቶ ባለው ውኃ ያጥባሉ። ፌብሩዋሪ 2 ደግሞ ሪዮ ቬርሜልዮ ለባሕር እመቤት ለኢየማንዣ አበባና ሽቶ ወደ ባሕር በሚወስዱ ምእመናን ይሞላል። እነዚህን ቀናት ፈልጎ መሄድ ትልቅ ዕድል ነው፤ ሳያውቁ መግጠም ግን ችግር ነው። ዝናቡ የሚበረታው ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ስለሆነ በእነዚያ ወራት ለባሕር እይታ ተጨማሪ መክፈል ብዙም አያዋጣም።

ለአውሮፕላን ማረፊያ መቅረብን እንደ ጥቅም መቁጠር

አውሮፕላን ማረፊያው ከታሪካዊው ክፍል ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሰሜን ምሥራቅ ይገኛል። ሜትሮ የሚባለው የከተማ ባቡር እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ እስከዚያ አቅራቢያ ድረስ ይሄዳል፤ ይሁን እንጂ ባቡሩ ባራም ሆነ ሪዮ ቬርሜልዮ አይደርስም። «ሜትሮ አለ» ብሎ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያረፈ ሰው ባሕር ዳር ለመድረስ ከባቡር ወርዶ እንደገና መኪና መያዝ ይኖርበታል። እዚያ ማረፍ ትርጉም የሚኖረው ሌሊት ለሚገባ ወይም ጎህ ሳይቀድ ለሚበር መንገደኛ፣ ያውም ለአንዲት ሌሊት ብቻ ነው።

ስለ ክፍሉ ሳይጠይቁ መያዝ

የሳልቫዶር ሙቀትና ወበቅ ዓመቱን ሙሉ ስለማይለቅ አየር ማቀዝቀዣ እንዳለ ብቻ ሳይሆን በምትተኙበት ክፍል ውስጥ እንዳለ ያረጋግጡ፤ አፓርታማ ሲሆን አንዱ ክፍል ብቻ ሊኖረው ይችላል። አፓርታማ ከያዙ የሕንፃው በር ጠባቂ ሌሊቱን ሙሉ መኖሩን፣ የእንግዶች ስም አስቀድሞ ሊሰጠው የሚገባ መሆኑንም ይጠይቁ፤ ስማቸው ሳይመዘገብ በሌሊት ደርሰው በር ላይ የሚቆሙ ብዙዎች ናቸው። በብራዚል የኤሌክትሪኩ ኃይል እንደየከተማው 127 ወይም 220 ቮልት ስለሆነ ካውያ ወይም ምድጃ የሚይዝ ሰው ይህንንም ቢጠይቅ ዕቃው አይበላሽበትም። ዋጋ ሲያወዳድሩም ሆቴሎችና የእንግዳ ማረፊያዎች አብዛኛውን ጊዜ ቁርስን ጨምረው እንደሚያስከፍሉ፣ አፓርታማ ግን እንደማይጨምር ያስቡ።

ቆይታውን ሁሉ ለአንድ ሰፈር መስጠት

ስድስት ወይም ሰባት ሌሊት ያለው ሰው አንድ ቦታ ላይ መታሰር የለበትም። እኔ ዛሬ ብሄድ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ሳንቶ አንቶንዮ አርፌ አብያተ ክርስቲያናቱንና ሙዚየሞቹን በጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ በእግሬ አያለሁ፤ አንደኛዋን ማታ ማክሰኞ ላይ እንድትውል አደርጋታለሁ። በሦስተኛው ቀን ከቁርስ በኋላ ሻንጣዬን ታክሲ ላይ ጭኜ ወደ ባራ እወርዳለሁ፤ የምይዘውም ከፖርቶ ዳ ባራ ሁለት ወይም ሦስት መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ያለ፣ ነገር ግን ዳገቱ ላይ ያልወጣ ቤት ነው። ሪዮ ቬርሜልዮን ከዚያ እየተነሳሁ በምሽት በታክሲ እጎበኘዋለሁ።