ሊኑክስ ላፕቶፕን ማስተኛት፦ ሰስፔንድ ወይስ ሃይበርኔት?

ሰስፔንድ የተከፈተውን ሥራ ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ላይ ይዞ አብዛኛውን ክፍል ያጠፋል። በሰከንዶች ይነቃል፤ ባትሪው ካለቀ ግን ሴቭ ያልተደረገው ሁሉ ይጠፋል። ሃይበርኔት የራሙን ይዘት ዲስክ ላይ ወዳለው ስዋፕ (ራምን ለመደገፍ የተመደበ ቦታ) ጽፎ ማሽኑን ጭራሽ ያጠፋዋል፤ ለብዙ ቀን የሚሻለው እሱ ነው።

ሃይበርኔት እምቢ ካለ መጀመሪያ ስዋፑን ይዩ። ራሙ 16 ጊጋባይት ከሆነ ስዋፑም 16 ቢሆን አስተማማኝ ነው፤ በ2 ጊጋባይት መሞከር ትርፉ ድካም ነው። ዚራም የተባለው የተጨመቀ ስዋፕ አይቆጠርም፤ ራሱ ራም ውስጥ ነውና። ስርዓቱ በራሱ ካላወቀው፣ ስዋፑ የት እንዳለ በቡት ሎደሩ (ስርዓቱን በሚያስነሳው ፕሮግራም) ላይ «ሪዚዩም» (resume) በሚለው የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) መለኪያ ይንገሩት። አለዚያ ማሽኑ እንደ አዲስ ይነሳል። ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይነሳ የሚከለክል ጥበቃ) ከበራም ብዙ ጊዜ ከርነሉ ሃይበርኔትን ይከለክላል።

ክዳኑ ተዘግቶ ቦርሳ ውስጥ የሚግል ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ጥልቅ እንቅልፍ አልገባም፤ ባዮሱ (የማሽኑ መሠረታዊ ቅንብር) ውስጥ የእንቅልፍ ምርጫ ካለ «ኤስ 3» (S3) የተባለውን ጥልቅ እንቅልፍ ይሞክሩ።