ጫጩቶቼን የገደላቸው አምፖሉ ነበር

ከቢሾፍቱ ያስመጣኋቸው 50 የአንድ ቀን ጫጩቶች ሐዋሳ ሲደርሱ ካርቶናቸው ውስጥ በደንብ ይንጫጩ ነበር። በሦስተኛው ቀን 11 ሞቱ። በሽታ ነው ብዬ መድኃኒት ገዛሁ፤ ሻጩንም ደውዬ ተቆጣሁት (አሁን ሳስበው አፍራለሁ)።

ነገሩ የገባኝ ሌሊት ተነስቼ ሳያቸው ነው። አምፖሉ ሥር ተደራርበው የታችኞቹ ታፍነዋል። አምፖሉ ለካ ኃይል ቆጣቢ ነው! ብርሃኑ ሞልቷል፣ ሙቀቱ ግን ለስሙ ነው። ወለሉም ባዶ ሲሚንቶ።

በማግስቱ የድሮውን፣ የሚግለውን 100 ዋት አምፖል ፈልጌ አገኘሁ። ሰጋቱራ አነጠፍኩ፤ ጥግ ካለ እዚያ ስለሚታፈኑ ካርቶን በክብ አቆምኩ። ቴርሞሜትር በጀርባቸው ከፍታ ሰቅዬ፣ አምፖሉን ከፍ ዝቅ እያደረግሁ 33 ዲግሪ ላይ አመጣሁት፤ ከዚያ በየሳምንቱ ወደ 3 ዲግሪ ቀነስኩ። ከቴርሞሜትሩ ይልቅ ግን የማምነው እነሱን ነው፦ ከተደራረቡ በርዷቸዋል፣ ዳር ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል፣ ተበታትነው ከተኙ ተመችቷቸዋል።

መብራት ሲጠፋስ? ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ መሃላቸው አስቀምጣለሁ። ከሰል አላስገባም፤ ጭስ ባይታይም ጋዙ ይገድላል።

ውሃውም ነገር ነበረው። ጫጩት ሆዱ ውስጥ ይዞት የሚፈለፈለው አስኳል ሁለት ሦስት ቀን ያቆየዋል፤ መንገዱን የሚችለው በዚህ ነው። ሲደርስ ግን ተጠምቷል። ሁለተኛውን ዙር ስቀበል የእያንዳንዱን ምንቃር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከርኩ፣ መኖውን ቆይቼ ሰጠሁ። ከ50ዎቹ የሞቱት 2 ናቸው።